የጠያቂ ጁስና የግራ እግሬ

መጀመሪያ የታመምኩት ጥም ነው። መርሳ ላይ ጁስ ቤት ያላት ሴት ቀኑን ሙሉ ማንጎ ስትልጥ ውላ ቢጠማት ማንን ይገርመዋል? ያን ሰሞን ጦርነቱ ወደ ወልድያ እየተጠጋ፣ ተፈናቃይ በየመኪናው እየወረደ ቤቴ ሰው አይጠፋበትም ነበር። ሲጠማኝ ለራሴ ስፕሪስ እቀዳለሁ፤ ማንጎው ከታች፣ አቮካዶው ከላይ፣ ስኳሩን ደህና አድርጌ። እጠጣለሁ፣ ይብስ ይጠማኛል፣ እደግማለሁ። ሽንት ቤት መመላለሴን ብርድ ነው አልኩት። ከስቼ ቀሚሴ ሲሰፋኝ ጎረቤቶቼ ሐሳብ ነው አሉ። ያኔ ሐሳብ ያልነበረው ማን አለ!

ተኩሱ ሲቀርብ ከባለቤቴ ከሠይድ ጋር በእግር ወደ ሐብሩ ገጠር፣ ወደ ዘመዶቹ ወጣን። ጫማዬ የግራ እግሬን ትንሿን ጣት ላጣት። አልተሰማኝም። ደሙን ያየው ሠይድ ነው። ቁስሉ አልደርቅ አለ። ጤና ጣቢያው ተዘግቷል። መድኃኒት የለም። መንገድ የለም። ዓይኔ ደበዘዘ። ዘመዶቹ አቅም ይሁንሽ ብለው ስኳር በውኃ በጥብጠው ሰጡኝ። አመስግኜ ጠጣሁ።

ከተማው ተለቆ ስንመለስ የጁስ መፍጫው የለም፣ በሩም የለም። ሠይድ ለንብረቱ ሳያዝን እኔን ይዞ ወልድያ ሄደ። ሐኪሙ ጣቴን ወግቶ መሣሪያውን አየ። እንደገና ወጋ።

«ስኳርዎ መሣሪያው ከሚለካው በላይ ነው» አለኝ።

የስኳር በሽታ፣ ዓይነት ሁለት። በዚያ ሁሉ እጦት ሐኪሙ ኢንሱሊን ከየት እንዳገኘልኝ አላህ ይወቅለት። የእግሬ ጣት ግን ጠቁራለች።

«ጣቷን ማትረፍ አልችልም። እግሩን የማተርፈው ስኳሩ ከወረደ ብቻ ነው።»

ጣቷ ተቆረጠች።

ጉዱ የመጣው ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። የእኛ አገር ሰው በሽተኛ ሲጠይቅ ባዶ እጁን አይመጣም። መብራት በሌለበት፣ ስኳር ከገበያ በጠፋበት በዚያ ሰዓት እንኳ ለክፉ ቀን የሸሸጉትን ስኳር አውጥተው፣ ብርቱካኑን በእጃቸው ጨምቀው፣ ፓፓያውን በሹካ ደፍጥጠው በጆግ ይዘው ይመጣሉ። አምጥተው መሄድ ቢሆን ደግ ነበር። ቁጭ ብለው «አንዴ ፉት በይልኝ» ይላሉ። እምቢ ማለት መናቅ ነው፤ ስለዚህ ፉት እላለሁ። ስኳር ነው ያመመኝ ስላቸው «ይሄ እኮ የፋብሪካ አይደለም፣ የዛፍ ነው» ይሉኛል። ኧረ በአላህ! ደም ውስጥ ሲገባ ከዛፍ ይምጣ ከፋብሪካ ማን ይጠይቀዋል?

በቀጠሮዬ ስሄድ ስኳሩ ተመልሶ ጣሪያ ነክቷል። ቁስሉ መሽተት ጀምሯል።

«ምን ጠጡ?» አለ ሐኪሙ።

«ትንሽ ጁስ።»

«የስንት ሰው ትንሽ?»

ሐኪሙ ወደ ሠይድ ዞሮ «እንዲህ ከቀጠለ ከቁርጭምጭሚት ነው የምንቆርጠው» አለው።

የኔ ሠይድ ሰው ፊት ድምፁን የማያሰማ፣ ዓይናፋር ሰው ነው። በማግስቱ በራችን ላይ በርጩማ አስቀምጦ ተቀመጠ። የመጀመሪያዋ ጠያቂ እሱን ያሳደጉት ጎረቤታችን እትዬ ሐዋ ሆኑ። ጆጋቸውን ይዘው ቀረቡ።

«እትዬ፣ እርስዎ ይግቡ። ጆጉ እዚህ ይቅር» አላቸው።

«እኔን ሐዋን? በጡቴ ያሳደግኩህ?»

«ወላሂ አይገባም።»

ከነጆጋቸው ተመለሱ። እኔ ከውስጥ ሆኜ በኀፍረት ብርድ ልብስ ተከናነብኩ። ከዚያማ ወሬው ከተማውን ሞላው፤ ሠይድ ስስታም ነው፣ የሚስቱን ጁስ በር ላይ ተቀብሎ ራሱ ይጠጣዋል ተባለ። ዱዓ ሊያደርጉልኝ የሚመጡ ሁሉ እሱን በጎሪጥ እያዩት ያልፋሉ። እሱ ግን ከበርጩማው አልተነሣም።

ስኳሩ ቀስ እያለ ወረደ። ኢንሱሊኑ ቀርቶልኝ ሜትፎርሚን የሚሉትን ክኒን ብቻ የምውጥበት ጊዜ መጣ፤ ቁስሉም ከዳር ዳር እየጠበበ፣ ሥጋው ቀይና ንጹሕ እየሆነ ሄዶ አንድ ቀን ሐኪሙ ፋሻውን ፈትቶ ሌላ ሳያስር ሸኘኝ። አልሐምዱሊላህ። ያን ሐኪም፣ እሱም ቤቱ ተዘርፎ እኛን ሲያክም የከረመውን፣ አላህ ዕድሜ ይስጠው።

እንደኔ ለታመማችሁ የምለው ይኼን ነው፦ ጥም ሲበዛባችሁ ተመርመሩ፣ በጣፋጭ አታባብሉት። እግራችሁን በየቀኑ በዓይናችሁ እዩት፣ ሕመሙን አትጠብቁ፤ ላይሰማችሁ ይችላል። ፍሬውን ከመጨመቅ በጥርስ ብሉት፣ እሱንም ሐኪም በፈቀደው ልክ። ዛሬ እንደገና በከፈትኩት ጁስ ቤቴ ውስጥ ውኃው የበዛ፣ ሎሚ፣ ዝንጅብልና ናና ያለው፣ ለቀለም ያህል የተደፈጠጠ ፓፓያ ጠብ የተደረገበት መጠጥ አለ። ስኳር የለውም። የምጠጣው በትንሽ ብርጭቆ ነው፤ ከአንዷ አላልፍም። ደንበኞቼ «ይሄ ምን ጁስ ነው» እያሉ ያጉረመርማሉ፤ ያጉረምርሙ፣ ስኳር የፈለገ ይጠይቀኛል፣ እኔም እሰጠዋለሁ፣ ጨቅጭቄ ጨቅጭቄ።

ከሁሉ በላይ ግን ፉት በይልኝ የሚሉትን በር ላይ የሚያቆምላችሁ፣ ለስሙ የማይሳሳ አንድ ሰው አላህ ይስጣችሁ። የኔን ዛሬም መርሳ ላይ ስስታሙ ሠይድ ይሉታል። እሱ ይሥቃል፤ እኔ ነኝ የምናደደው። ይበሉት! እኔ ከባንኮኒዬ ጀርባ በሁለት እግሬ ቆሜ ነው ሎሚ የምጨምቅላቸው።