መስኮቴ ላይ የተመቱ ሰባት ሚስማሮች

የበደለችኝ የባሌ ታላቅ እህት ናት፤ ጊዜውም የዛሬ ሦስት ዓመት ሐምሌ። ልጄ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር እኔ ቤት ወልዳ ተኝታ ነበር። ሴትየዋ አራሷን ላርስ ብላ ከኮተቤ መጣች፤ አንድ ሻንጣና አንድ ማዳበሪያ ከሰል ይዛ። የጠራት የለም።

በማግስቱ የአራሷን ክፍል መስኮት በሰባት ሚስማር ቸነከረችው። ምክንያቷ ነፋስ ነው። እሷ ዘንድ ሰው በሌላ ነገር አይታመምም። ቀጥላ የከሰል ምድጃውን ከማድቤት አምጥታ አልጋው ግርጌ አኖረችው።

«እትዬ፣ ሕፃኗ እኮ ጭሱን እየሳበች ነው» አልኳት።

«ይሄ ደግሞ ጭስ ነው? ሙቀት ነው እንጂ! አንቺ አራሷን በብርድ ልትፈጂያት ነው?»

ባሌ «እሷ ታውቃለች» ብሎ ሳሎን ሄዶ ተቀመጠ። የሳሎኑ መስኮት ክፍት ነበር።

እሷ ራሷ ግን ጠዋት ጠዋት ነጭ የስፖርት ጫማዋን አጥልቃ እንጦጦ ፓርክ ትወጣለች። ሐኪም ንጹሕ አየር ያስፈልግሻል ብሏታል። ባሕር ዛፉ መሀል ስትናፈስ ቆይታ ትመለስና በሩን ጥርቅም አድርጋ ትዘጋለች። «ደረቴ እንዴት እንደቀለለኝ!» ትለናለች፣ እኛ እየሳልን።

በሦስተኛው ሳምንት ሕፃኗ ስትተነፍስ ደረቷ ወደ ውስጥ ይሰረጉድ ጀመር። ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ነርሷ አዳመጠቻትና «ቤት ውስጥ ከሰል ይነዳል?» ብላ ጠየቀች።

«ኧረ በጭራሽ!» አለች የባሌ እህት።

ነርሷ ጎንበስ ብላ አሸተተቻት። «እማማ፣ ነጠላዎ ግን ይነዳል እያለ ነው።»

ወረፋ የያዙት ሁሉ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ነርሷ መድኃኒት ሰጠችንና ምድጃው ካልወጣ፣ መስኮቱም ካልተከፈተ መድኃኒቱ ብቻውን እንደማያድናት ነገረችን።

«የዛሬ ልጆች! እኔ ስንቱን በዚህ እጄ አሳድጌያለሁ» አለች የባሌ እህት፤ ቤት እንደገባንም ከሰሉን አቀጣጠለች።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ታግሻት ነበር። ለምን እንደታገስኳት የማንም ጉዳይ አይደለም።

በማግስቱ አየሯን ልትቀበል ስትወጣ ጉጠት አንስቼ ሰባቱንም ሚስማር ነቀልኩ። ምድጃውን ደጅ አውጥቼ ውሃ ደፋሁበት። ስትመለስ ሻንጣዋና የተረፈው ከሰል በር ላይ ጠበቋት። ሚስማሮቹን በፌስታል ቋጥሬ ሻንጣው እጀታ ላይ አስሬላታለሁ።

«ነፋስ እየገባ ነው!» አለች ከደጅ ሆና።

«ይግባ» አልኳት።

የሕፃኗ ትንፋሽ በሳምንቱ ተስተካከለ። እኔም ከዚያ ወዲህ ኮተቤ ሄጄ አላውቅም።