በፎቶው ጎን የሚወርደው ጽሑፍ

አገኘሁሽ ሞላ ይመር ቅናት ያደረባት ኅዳር 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቱን እንኳ አልረሳችውም። ከዚያ ቀን በፊት በአሶሳው መሥሪያ ቤት በጽሕፈት ሥራ የሚወዳደራት ሰው ስላልነበረ፣ ቅናት ምን እንደሚመስል ለማወቅ አጋጣሚው አልነበራትም።

በስድስት ዓመቷ ከወሎ ከሰፋሪዎች ጋር መጥታ፣ ከከተማው አጠገብ ባለ የሰፈራ መንደር ያደገችው ይህች ሴት በጽሕፈት መኪና ጀምራ ኮምፒውተር ላይ የደረሰች ናት። የመሥሪያ ቤቱን ዓመታዊ መጽሔት ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ብቻዋን አዘጋጅታለች። ፎቶው የሚገባበትን ቦታ በማስመሪያ ትለካለች፤ በየመስመሩ ፊደል የሌለው ባዶ ምት እየመታች በገጹ መካከል ቀዳዳ ትከፍታለች፤ ፎቶውንም በሙጫ ትለጥፍበታለች። ኮምፒውተር ከመጣ በኋላም ሙጫው ቀረ እንጂ ቀዳዳው አልቀረም።

በዚያ ሰኞ የክፍሉ ኀላፊ አቶ ሙዳሲር፣ ኢቲዳል አብዱልሐሚድ የምትባል አዲስ ሠራተኛ ይዘው ገቡ።

“ዘንድሮ መጽሔቱ በኢንተርኔት ላይ በጋራ ይዘጋጃል፤” አሉ። “ሁለታችሁም አንዱን ጽሑፍ በየኮምፒውተራችሁ ከፍታችሁ ትሠራላችሁ። አገኘሁሽ፣ ጽሑፉ ያንቺ ነው። ፎቶዎቹን ኢቲዳል ታስገባለች።”

ኢቲዳል ወንበሯን ሳታሞቅ አንድ ፎቶ አስገባች። በመንጌ ወረዳ በወንዝ ዳር ወርቅ የምታጥብ ሴት ፎቶ ነበር።

“ይሄ አክስቴ ነው፤” አለች ፈገግ ብላ።

ከፎቶው ሥር ከወጡት አምስት ትናንሽ ምልክቶች አንዱን ስትነካ ጽሑፉ ገለል ብሎ የሴትዮዋን ጎን ይዞ ወረደ። ፎቶውን ወደ ቀኝ ጎተተችው፤ ጽሑፉ ወደ ግራ ሸሸ። ወደ ታች አወረደችው፤ መስመሮቹ ከላይ ተመልሰው ገጠሙ።

“ማሻ አላህ!” አሉ አቶ ሙዳሲር። “ይህ በማስመሪያ ስንት ቀን ይፈጅብሽ ነበር፣ አገኘሁሽ?”

“ሁለት ቀን፤” አለች። ማስመሪያዋን ወደ መሳቢያው ከተተች።

በጋራ ጽሑፍ ላይ የእያንዳንዱ ሠራተኛ ጠቋሚ ስሙን ተሸክሞ ይታያል። የኢቲዳል ጠቋሚ አረንጓዴ ነበር። አገኘሁሽ ሳምንቱን ሙሉ ከራሷ መስመር ይልቅ ያንን አረንጓዴ ስትከተል ዋለች። ሲፈጥን ታርራለች፤ ሲቆም ምን እየታሰበ ይሆን ብላ ትብሰከሰካለች።

የመዝገብ ቤቷ ሰንበቴ በምሳ ሰዓት ነገር ፈለገቻት።

“ልጅቷ እጇ ፈጣን ነው አሉ።”

“እጇማ ይፈጥናል! አክስቷን በወንድ አንቀጽ እየጠራች ገጽ አሳምራለሁ ትላለች እንጂ።”

“አንቺ ደግሞ! የሚታተመው ገጿ ነው ወይስ አፏ?”

አገኘሁሽ የምሳ ዕቃዋን ከድና ተነሣች። በሁለተኛ ቋንቋው የሚሠራን ሰው በአነጋገሩ ማሸማቀቅ ነውር መሆኑን ታውቃለች፤ ቅናት ግን ያወቁትን ያስረሳል።

ዐርብ ኢቲዳል ለጁምዓ ሶላት ወጣች። አገኘሁሽ ግራና ቀኝ አየች፤ የመንጌዋን ሴት ፎቶ ነካች፤ ከአምስቱ ምልክቶች ፎቶውን ከጽሑፉ ኋላ የሚሰደውን መረጠች። ፊደሉ ሁሉ በሴትዮዋ ፊት ላይ ተርመሰመሰ።

አቶ ሙዳሲር ከሰዓት በኋላ ገጹን ሲከፍቱ ደነገጡ።

“ምንድን ነው ይህ? ፊቷን ጉንዳን የወረራት ትመስላለች!”

“ጋሼ፣ ወላሂ እኔ እንዲህ አልተውኩትም፤” አለች ኢቲዳል።

“ረቡዕ ማተሚያ ቤት እንገባለን፤ የምናባክነው ቀን የለም። አገኘሁሽ፣ ሁሉንም አንቺው ያዢው።”

የተመኘችው እጇ ገባ። ኢቲዳል አልተከራከረችም። ማን ምን እንደለወጠ ከነሰዓቱ የሚያሳየውን መዝገብ ከፈተች፤ አነበበች፤ አገኘሁሽን አንድ ጊዜ አየቻትና ዘጋችው። አገኘሁሽን ያ ዝምታ ከስድብ በላይ ቆጠቆጣት።

ሰኞንና ማክሰኞን በየገጹ ቀዳዳ ስትከፍት፣ ፎቶዎቹን በጽሑፉ ላይ እንደ ወረቀት ስትለጥፍ ዋለች። ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አቶ ሙዳሲር በራሳቸው ኮምፒውተር የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሁለት መስመር ጨመሩ። ያን ጊዜ ጽሑፉ ሁሉ ወደ ታች ተንሸራተተ፤ ቀዳዳዎቹም አብረው ሄዱ። ፎቶዎቹ ግን ባሉበት ቀሩ። ከፎቶዎቹ አንዱ፣ የፓዌው ገበሬ፣ በርእሱ ላይ ተቀመጠ፤ የድባጤዋ ነጋዴ ግማሽ አንቀጽ ዋጠች። ዐሥራ ስድስቱም ገጾች ፈረሱ።

አገኘሁሽ አንዱን ቀዳዳ ብትደፍን ሌላው ተከፈተ። ነገ የሚታተመው መጽሔት የእሷን ስም እንደሚይዝ አሰበች። ተነሣች። ኢቲዳልን ጠርታ አብረው ወደ ኀላፊው ገቡ።

“ዐርብ የኢቲዳልን ፎቶ ያበላሸሁት እኔ ነኝ።”

አቶ ሙዳሲር መነጽራቸውን አወለቁ። “አንቺ? ለምን?”

“ቀንቼ።”



“ስምዎን አይቼው ነበር፣ እትዬ፤” አለች ኢቲዳል።

“ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?” አሉ አቶ ሙዳሲር።

“አዲስ ሰው በአምስተኛ ቀኑ ከሳሽ ይሆናል እንዴ? አክስቴ ግን አሳዘነኝ።”

አቶ ሙዳሲር ለአገኘሁሽ ረጅም ተግሣጽ ሰጧት፤ አንገቷን ደፍታ ሰማች። ከዚያ ሁለቱ ሴቶች አንድ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጡ።

“ማውሱን እርስዎ ይያዙ፤ እኔ ከያዝኩት አይለምዱትም። መጀመሪያ ባዶውን ሁሉ ያጥፉ።”

“ሁሉንም?”

“ሁሉንም። አሁን ፎቶውን ይንኩ፤ ሁለተኛው ምልክት ነው። ከጽሑፉ ጋር ይንቀሳቀስ የሚለውንም ይምረጡ።”

ጽሑፉ በገበሬው ጎን ወረደ። ከላይ ሁለት መስመር ጨምራ ሞከረችው፤ ገበሬው ከአንቀጹ ጋር አብሮ ወረደ። አገኘሁሽ ደስ አላት። ኢቲዳል ወደ ጎን ኮምፒውተር ተሻግራ ሦስት ገጽ መጨረሷን ስታይ ግን ዐይኗ እንደገና አረንጓዴውን ጠቋሚ መከተል ጀመረ። ቅናት በአንድ ኑዛዜ የሚለቅ በሽታ አይደለም። በዚህ ጊዜ ግን ወንበሯን ወደ ኢቲዳል አስጠግታ፣ “ያንን በግራ ያስቀመጥሽውን እንዴት አደረግሽው? እንደገና አሳዪኝ፤” አለች።

መጽሔቱ ኅዳር 12 ቀን ረቡዕ ማተሚያ ቤት ገባ። አገኘሁሽ ሞላ ከዐሥራ ስድስቱ ገጾች ሰባቱን ያዘጋጀችው በራሷ እጅ ነበር፤ በኋላም ሽፋኑ ላይ ስሟ ከኢቲዳል አብዱልሐሚድ ቀጥሎ፣ በሁለተኛነት ታተመ።