የእናትዓለም ፊት

በ1977 ድርቅ ባሕር ዳር ውስጥ መወፈር ወንጀል ነበር። እናትዓለም ደግሞ የቀበሌው ሱቅ ሻጭ ነበረችና ወንጀሏ እጥፍ ሆነ። ለሰው ጤፍና ስኳር እየመዘነች፣ የራሷ ፊት በጥቂት ወራት እንደ ድፎ ዳቦ ተነፋ።

ፊቷን ያሳበጠው ኪኒን እንጂ ጤፍ አልነበረም። አስሟ ሲጠናባት ሐኪም ፕሬድኒሶሎን አዘዘላትና ትንፋሿ ተመለሰ። ቀበሌው ግን የሱቁን እህል በልታለች ብሎ ለስብሰባ ጠራት። ፔዳ ኮሌጅ ባዮሎጂ የሚያስተምረው ታናሽ ወንድሟ አምባቸው ሊያስረዳላት ተነሣ።

«ኪኒኑ ሰውነታችን ራሱ የሚሠራውን ሆርሞን ይመስላል። ሴሉ ውስጥ ዘልቆ ይገባል፤ እዚያ ከሚጠብቀው ተቀባይ ጋር ተያይዞ የተኙትን ጂኖች ይቀሰቅሳል። የነቁት ጂኖች እብጠት የሚያበርዱ ፕሮቲኖችን ያሠራሉ። ሳንባዋ የሚበርደው በዚህ ነው፤ ፊቷ ላይ ስብ የሚከማቸውም በዚሁ ጦስ ነው። እኔ አስተማርሁት እንጂ አልፈጠርሁትም።»

ጆሮ ዳባ ልበስ! ሊቀ መንበሩ ጓድ ክንዱ ሳቀ።

«የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ! ጓድ መምህር፣ ሕዝብ እየተራበ እኅትህን ጂን አወፈራት ትለናለህ?»

ተሰብሳቢው አውካካ። የሱቁን ቁልፍ ነጠቋት፤ ውሳኔው ለወሩ ተቀጠረ። ጥፋተኛ ከተባለች የሚጠብቃት እስር ቤት ነው።

ምስኪን፣ ዘዴ ያገኘች መሰላት። ፊቴ ይክሳና ይመስክርልኝ ብላ ኪኒኑን እርግፍ አድርጋ ተወችው። አምባቸው ግን አስጠንቅቋት ነበር።

«እቴ፣ ይህ በአንድ ጊዜ አይተውም። ሰውነትሽ የራሱን ሆርሞን መሥራት ረስቷል፤ በድንገት ብታቆሚ ትሞቻለሽ።»

«እየዋጥሁ ነው» እያለች ዋሸችው።

ከሳች። ግን ጉልበቷም አብሮ ከዳት፤ የበላችው አይረጋላትም፣ ጨው ጨው ያሰኛታል። በቀጠሮው ዋዜማ ጨው ልትገዛ የገዛ ሱቋ ደጃፍ ተሰለፈች። ከጣና የሚነፍሰው ነፋስ ቢያንገዳግዳትም፣ ሰው ሁሉ ፊቷን እንዲያይላት ቀና ብላ ቆመች። ደስ ብሏት ነበር።

አዩላት፤ እግዜር ይይላቸው።

«ቁልፉን ከተነጠቀች ወዲህ እንዴት መነመነች!» አለች አንዷ።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ስትበላ የኖረችው የማንን ነው?» አለች ሌላዋ።

እናትዓለም ልትመልስ ዞረች፤ ቃል ሳይወጣት እዚያው ተዘረጋች። ያነሣት አልነበረም። ተራው እንዳያልፈው የፈራ ሁሉ ተራምዷት ወደ ፊት ተጠጋ። አምባቸው ሲደርስ እጇ ቀዝቅዞ ነበር።

በማግሥቱ ክንዱ ስብሰባውን አላስቀረም። መክሳቷን ማስረጃ አድርጎ ጥፋተኛ ናት ሲል፣ አዳራሹ አጨበጨበ። አምባቸው ይህን የሰማው ከቀብሯ ሲመለስ ነው።