ሸዋዬ ስለ ቆጥ ሰፈር የሰጠችው አስተያየት

ካዛንቺስ ሸዋዬን የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ዛሬማ ማን ቀርቶ! ሰፈሩ ፈርሶ እሷም ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ከገባች ወዲህ፣ ጠዋት በሁለት ታክሲ ለገሃር ደርሳ፣ እዚያም እንደገና ተሰልፋ፣ ቢሮዋ ስትገባ ሥራ ሳትጀምር ደክሟታል። መዝገብ ቤት ናት። ፋይል ማውጣት፣ ፋይል መመለስ፣ በቃ።

አንድ ደስታ አላት፤ እሱም ስልኳ ውስጥ ነው። በቴሌግራም የተሰባሰቡ ሰዎች ሰንበሌጥ የምትባል የሌለች ከተማ ይፈጥራሉ። አንዱ ወንዟን ይጽፋል፣ አንዱ ገበያዋን፣ ሌላው ንጉሧን፤ የቀሩት አንብበው አስተያየት ይሰጣሉ። የሰው ሥራ የሚነካ ነገር ከመጣ ደግሞ ባለቤቱ ካልፈቀደ አይጸድቅም። ሸዋዬ የጻፈችው ቆጥ ሰፈርን ነው፤ መንገዱ ሁለት ሰው የማያሳልፍ፣ ሁሉም ሁሉን የሚያውቅበት፣ ለራሷም አንድ ቤት የሰጠችበት መንደር። አስተያየት ስትሰጥማ ምሕረት የላትም። «ወንዝ ሽቅብ አይፈስም ወንድሜ!» እያለች የስንቱን ጽሑፍ መልሳለች።

ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ለታ ጻፈላት። ቡልጋሪያ የሚባለው ሰፈር የሚኖር፣ ኮምፒዩተር የሚጠግን ልጅ ነው። «እትዬ ሸዋዬ፣ ማለቴ፣ እንዳይቀየሙኝ። ንጉሡ መንገድ እያስገነባ ስለሆነ ስቶሪው እንዲሄድ ቆጥ ሰፈር መፍረስ አለበት። ፊድባክ ይስጡኝ።»

ወይ ጣጣ! ማፍረሱ እዚህም ተከትሎ መጣባት? እምቢ ልትል ቃጣት። ግን መንገዱ ለታሪኩ የግድ ነው፤ እሷም ፍርደ ገምድል አይደለችም። «ይፍረስ። ግን ሰዎቹ የት እንደገቡ አልጻፍክም። ያንን ሳላይ አልፈቅድም» አለችው።

ልጁ ፈጣን ነው፤ ሻይዋን ሳትጨርስ ላከላት። የቆጥ ሰፈር ሰው እድሩን ከነድንኳኑ ይዞ ወንዝ ማዶ አብሮ ሰፈረ፣ ጎረቤትም ከጎረቤቱ አጠገብ ቤት ተሰጠው፣ ይላል። አባላቱ ቀይ ልብ አዘነቡበት።

ሸዋዬን ሆድ ባሳት። የነሱ የካዛንቺሱ እድር እኮ አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ሆኖ ተበትኗል። የጎን ጎረቤቷ እማማ ማዕረግ፣ ልጆቿን ያሳደጉላት ሴት፣ ሲሞቱ የነገራት የለም። የሰማችው ከአርባቸው በኋላ፣ ኦሎምፒያ ታክሲ ስትጠብቅ፣ ከአንድ የድሮ ሰፈርተኛ ነው። አፈር ሳታለብሳቸው! እስካሁን እንደ እግር እሳት ያንገበግባታል።

«ይሄ የማይሆን ነው፤ ሰው እንዲህ አብሮ አይሄድም» ብላ ጻፈች። እውነቷን ነው፤ ሌላ ቀን ቢሆን ትልከው ነበር። አጠፋችው። የምሳ ሰዓት አልቆ ኃላፊዋ ፋይል ሲጠይቋት «መጣሁ» አለች እንጂ አልተነሳችም።

«ለታዬ፣ ፈቅጃለሁ» ብላ ጻፈች። «አንዲት አሮጊት ብቻ ጨምርልኝ፤ እማማ ማዕረግ ይባላሉ። ቤታቸው ከእኔ ቤት ጋር ይያያዝ። ግድግዳውን ስስ አድርገው፤ ሲያስላቸው እንድሰማ።»