«ዳብ» የተባለበት ስልክ

ኅዳር 3 ቀን 2016 ዓ.ም. አቶ ወልደሥላሴ አንድ አሮጌ የእንጨት መሰላል ቀይ ቀለም መቀባት ጀምረው ነበር። መሰላሉ ዛሬም እስከ ወገቡ ቀይ ነው፤ ከዚያ በላይ ባዶ እንጨት። በማግስቱ ጠዋት ልባቸው ቆመ። ዕድሜያቸው ስድሳ ሦስት ነበር።

መሰላሉ ያለው ጅግጅጋ ውስጥ፣ ከማሃሙድ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ጀርባ ባለች መጋዘን ነው። ወልደሥላሴ ሃያ ስድስት ዓመት የእሳት አደጋ ቦቴ ነድተው በ2013 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ፣ ሊጣሉ የተከመሩ ቆቦች፣ የተበሳ የውሃ ቱቦና አንድ ጥቁር ስልክ ለምነው ወሰዱ። «እዚህ ከተማ ስንቱን እሳት አጥፍተናል፤ የት ተጽፎ ይገኛል?» እያሉ ማሃሙድን ደጅ ጠኑት። እሱም ጎማዎቹን ወደ ግቢ አውጥቶ መጋዘኑን ለሙዚየም ለቀቀላቸው። ብየዳ ቤቱ መደርደሪያ ሠራ። ጋሪ ነጂዎቹ፣ ከተማው ቦቴ አንድ ብቻ በነበረው ዘመን በአህያ ውሃ ያመላለሱበትን በርሜል እያንከባለሉ አመጡ።

የገበያ ሴቶች ግን ድርሽ አላሉም።

ምክንያቱን የማያውቅ የለም። በ1987 ዓ.ም.፣ ወልደሥላሴ ከአምቦ ተዛውረው በመጡ ሰሞን ነው። ያኔ ከሶማሊኛ አንዲት ቃል አያውቁም። ስልክ ጠባቂው ምሳ ወጥቶ እሳቸው ቢያነሡት፣ አንዲት ሴት «ዳብ! ዳብ! ሱቃ!» ትላለች። ዳብ በሶማሊኛ እሳት ነው፤ ሱቃ ደግሞ ገበያው። ወልደሥላሴ የሰሙት «ዳቦ ሱቅ» ነው። «ተሳስተዋል እመቤት፣ ይህ ዳቦ ቤት አይደለም» ብለው በትሕትና ዘጉት። ደግማ ደወለች፤ ደግመው ዘጉት። በኋላ ሰው ሮጦ መጥቶ ነግሯቸው ቦቴው ሲደርስ፣ የደዋይዋ የዓሻ የጨርቅ ሱቅ አመድ ሆኗል። ሰው አልተጎዳም። «ዳቦ» የሚለው ስም ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ከወልደሥላሴ ላይ አልወረደም።

ዓሻ ከዓመታት በኋላ ሌላ ሱቅ ከፍተው የገበያ ሴቶች ሁሉ አፍ ሆኑ። እሳቸው ያልረገጡትን ቤት ሌሎቹ አይረግጡም። ይህን የሚያውቀው ማሃሙድ አንድ ቀን ፈርጠም አለ።

«ጋሼ፣ እሳቱን ያጠፉት እኮ ሴቶቹም ናቸው። እነሱ የሌሉበት ሙዚየም የእርስዎ ሳሎን ነው። ረመዳን እስኪገባ ካልመጡ ጎማዎቼን እመልሳለሁ።»

«እኔ ዓሻን በምን አፌ ልጥራ?»

«እሱን ዳቦ ይወቅ» አለና ሳቀ።

በዚያው ሰሞን ልጃቸው ሶሲና መጣች። የተማረችው መዝገብ አያያዝ ነው። ከዕቃ ወደ ዕቃ እየዞረች መግለጫውን ስታነብ ስልኩ ዘንድ ቆመች። «የጣቢያው ስልክ። እስከ 1998 ዓ.ም. አገልግሏል» ይላል።

«አባዬ፣ ይህ የማንም ስልክ ነው። ማን ደወለ? ማን አነሣ? ምን ተባለ?»

«ታውቂው የለ።»

«እኔማ አውቃለሁ። ግድግዳው ነው የማያውቀው።»

ወልደሥላሴ ሊደብቁ አልነበረም፤ ነገሩን ሲቀለድበት ለምደውታል፣ ተጽፎ ሲያዩት እንዴት እንደሚሆኑ ግን አያውቁም። በማግስቱ ስልኩን ፌስታል ውስጥ ከተው ወደ ገበያ ሄዱ።

ዓሻ ጨርቅ እየለኩ ነበር። ቀና ሳይሉ፣ «ዳቦ መጣ» አሉ። «ዛሬ ምን ልትሸጥልን ነው?»

«ስልኩን አመጣሁልሽ፣ ኤዶ።»

«ኤዶ? አክስትህ አደረግከኝ ደግሞ? እኩያህ ነኝ፣ ወርያ።»

ወልደሥላሴ ስልኩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት። ዓሻ እጀታውን አንሥተው ጆሯቸው ላይ ለጠፉ። «አሁንም አይሰማም» አሉ። «ምን ብለህ ጻፍክበት?»

ነገሯቸው።

«በቃ? እኔ የለሁበትም?»

«ምን ይጻፍ ብዬ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

ዓሻ ጨርቁን አጥፈው ወደ ጎን አሉት። «ዓሻ ደወለች ብለህ ጻፍ። እሷ ዳብ አለች፣ ሰውዬው ዳቦ ሰማ ብለህ ጻፍ። ቦቴው እስኪመጣ ሴቶቹ ተሰልፈው ባልዲ ተቀባበሉ። ከኔ ቀጥሎ ያሉት ሱቆች የተረፉት በነሱ ነው። ይህን አንድ ሰው ጽፎት አያውቅም። በሶማሊኛም በአማርኛም ይሁን።»

«የኔስ ስም?»

«ያንተ ምን ያደርጋል? ከተማው ሁሉ ያውቀዋል።»

«ይጻፍ ግን።»

ዓሻ ትንሽ አዩዋቸው። «እንግዲያው ወልደሥላሴ ብለህ ጻፍ። ዳቦን ለኛ ተወው።»

ሶሲና አማርኛውን፣ ማሃሙድ ሶማሊኛውን ጻፉት። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ዓሻ ሴቶቹን አስከትለው መጡና መግለጫውን ጮክ ብለው አስነበቡ። አንዷ የተጣመመ ባልዲ፣ ሌላዋ እናቷ ከእሳት መንጭቃ ያወጣችውን ጫፉ የጠቆረ ጨርቅ አመጣች። ወሬው ተሰምቶ ከሩቅ ከአፍደም ባቡር ጣቢያ ሳይቀር የአሸዋ ባልዲ ተላከ። የማሃሙድ ጎማዎች ግቢ ውስጥ በሸራ ተሸፍነው ቀሩ፤ ፀሐይ ጨረሳቸው እያለ እስከ ዛሬ ያማርራል፤ አስገባቸው ቢሉት ግን አይሰማም። ከሌላ ክልል ተመድበው የሚመጡ አዳዲስ የእሳት አደጋ ሠራተኞችም ወደዚያች ክፍል መምጣት ጀመሩ። ወልደሥላሴ ስልኩን እያስያዙ «ዳብ ምንድን ነው?» ይሏቸዋል። እሳት ነው ሳይል የወጣ የለም።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። ማሃሙድ ዕቃ ሊያመጣ ድሬዳዋ በሄደ ቁጥር ቁልፉ አብሮት ይሄዳል፤ እንግዳ ይዘው የመጡ ሴቶች በር ላይ ይቀራሉ። ወልደሥላሴ የፈጸሙት የመጨረሻ ጉዳይ ይኸው ነው። ከማረፋቸው በፊት በነበረው ከሰዓት በኋላ ሁለተኛ ቁልፍ አስቀረጹ፣ በሩ ላይ ሞከሩት፣ መክፈቱን አይተው ወደ ገበያ ወረዱና ለዓሻ ሰጧቸው። ዓሻም በሻሻቸው ጫፍ ቋጠሩት።