ከሥዕል የተገጠመ ድራም

ባሌ ጎሚስታ ነው። ነበር ልበል እንጂ፤ ሐኪሙ "ከእንግዲህ ጎማ ካነሳህ ወገብህን እርሳው" ካለው ወዲህ ሱቁ በር ላይ ተቀምጦ ሌላው ሲያነሳ ያያል። ቃል ከአፉ ስለማይወጣ ሰፈሩ ሬዲዮ ይለዋል።

የሙዚቃ ድራሙን የገዛው ወገቡ ደህና ሳለ ነው። በካርቶን ተበታትኖ መጣ። የመገጣጠሚያ መመሪያው በማናውቀው ቋንቋ ስለነበር ካርቶኑ ላይ ያለውን ሥዕል ቆርጦ ግድግዳው ላይ ለጠፈና እያየ ገጠመው፤ አልጋችንና ቁም ሣጥኑ መሃል። ቆዳውን ሲወጥር እንደ ጎማ ብሎን ነው። አንዱን ጠበቅ ያደርግና ፊት ለፊቱ ወዳለው ይሻገራል።

"ጎን ለጎን ከሄድሽ ይንጋደዳል" አለኝ። በዚያ ሳምንት ሌላ ነገር አልተናገረም።

ከዚያ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እየቆጠረ ሲመታ ዓመት አልፎ ዓመት መጣ። ለምጄው ሲመታ እተኛለሁ፣ ሲያቆም እነቃለሁ።

የሠርግ አዳራሹ ድራም መቺ ሥራ ሲለቅ፣ እዚያ ሰሃን የምታጥበው እህቱ እየሮጠች መጣች።

"ተነስ! ሌላ ሰው ሳይቀድምህ። ጎማው እንደሆነ አብቅቷል፤ በር ላይ ተጎልተህ ልታረጅ ነው?"

ሦስታችንም ሄድን። ባሌ ድራሙ ላይ ተቀመጠ፤ ግራውን አየ፣ ቀኙን አየ፣ ተነሳ።

"ይሄን ማን ነው የገጠመው? ግራና ቀኙ ተዟዙሯል።"

"የቱ ነው የዞረው?" አለ የባንዱ አለቃ። "ድራም ሁሉ እንዲህ ነው። ግራኝ ነህ እንዴ?"

"አይደለሁም። ሥዕሉ ላይ ትልቁ ከበሮ..." ብሎ በጣቱ አየር ላይ ግራና ቀኙን አዟዟረ።

እኔም ያኔ ገባኝ። ሥዕሉ የተነሳው ከፊት ለፊት፣ ተመልካች ከሚቆምበት ነው። እሱ ግን ሥዕሉ ላይ በስተቀኝ ያየውን በራሱ ቀኝ፣ በስተግራ ያየውን በራሱ ግራ አድርጎ ነው የገጠመው። ነገሩን ስነግረው አለቃው በሳቅ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ። ዘፋኟ "ተዉት እስቲ፣ እንደለመደው ይሞክር" ስትል ባሌ አንድ በአንድ ማዞር ጀመረ።

"ወንድሜ፣ ልትመታ ነው ወይስ ቤት ልትቀይር?" አለ ጊታር ያንጠለጠለው።

መታ። የሳቀ የለም። እግሩ አልሳተም፣ እጁ አልቸኮለም።

"መምታቱንስ ትመታለህ" አለ አለቃው። "ግን ከአጎቴ ልጅ ጋር በአንድ ድራም ነው የምትፈራረቀው። ሙሽራ ፊት ዕቃ ስናዞር ልናድር ነው? እንደ ሰው አስተካክለህ ተማርና ና። እስከዚያ ሌላ ሰው አልይዝም።"

ቤት ስንገባ ድራሙን አዞርን፤ ማለቴ እኔ አዞርኩ፣ እሱ ወገቡን ይዞ አዘዘ። ከዚያ እንደገና ከአንድ ተጀመረ። ትልቁን ከበሮ ሲረግጥ የኖረው ግራ እግሩ ነው፤ ቀኙ ከሰው የተዋሰው ይመስል ነበር። አከራያችን በመስኮት ብቅ ብላ "ምነው፣ ባልሽን አመመው እንዴ? ድሮ እንኳ ደህና ይመታ ነበር" አለችኝ።

"እየተማረ ነው" አልኳት።

"አሁን?"



ባሌ ወደ አዳራሹ ሲመለስ አለቃው ረጋ ያለ ዘፈን አስጀመረው፤ ልክ ነበር። ፈጠን ያለ አስጀመረው፤ ቀኝ እግሩ ወደኋላ ቀረ። ደግመው ሞከሩ፣ ያው ነው። አለቃው ራሱን አከከ፣ ዘፋኟን አየ፣ እሷም አየችው።

"እሺ" አለ በመጨረሻ። "ረጋ ረጋ ያሉትን አንተ ያዝ።"

እንዲህ ሆነና አሁን ሙሽሮች ሲገቡና ቤተሰብ ሲሰናበት የሚመታው ባሌ ነው። ጭፈራው ሲደምቅ የአለቃው ዘመድ ይቀመጣል፣ የእኔው ደግሞ ወጥ ቤት ገብቶ እህቱ ያጠበችውን ሰሃን ያደርቃል። ጎማ ግን አያነሳም።

ሲመጣ "እንዴት ነበር?" እለዋለሁ።

"ሲሰናበቱ አለቀሱ" ይለኛል፣ ጫማውን እያወለቀ።