በአጥሩ ክርክር ማን ረታ?

ታምሲን አክሮይድ በሃሊፋክስ ከተማ የአንድ ኢንሹራንስ ድርጅት የስልክ ሠራተኛ ነበረች። ቧንቧ የፈነዳባቸው፣ መኪናቸውን ከግንብ ያላተሙ፣ ውሻቸው የጎረቤት ምንጣፍ የቦጨቀባቸው ሰዎች ቀኑን ሙሉ ይደውሉላታል። ባልደረቦቿ የሚፈለገውን ብቻ ጠይቀው ስልኩን ሲዘጉ፣ እሷ ግን "ውሻው ከሁሉም ዕቃ ምንጣፉን ለምን መረጠ?" ትልና ጨዋታው ይረዝማል። ከልጅነቷም እንዲሁ ነበረች፤ ነገር ሰምታ ሥሩን ሳትቆፍር እንቅልፍ አይወስዳትም።

ምኞቷ ጠበቃ መሆን ነው። የሕግ ትምህርቷን እየሠራች ጨርሳለች። የቀራት በአንድ የጥብቅና ድርጅት ተቀጥሮ እየሠሩ የሚሠለጥኑበትን ቦታ ማግኘት ነበር። እሱ ነው እንግዲህ ጭንቁ። ድርጅቶቹ ከሚያመለክተው ሕዝብ መካከል ጥቂቱን አበጥረው "የምዘና ቀን" ወደሚሉት ይጠራሉ። እዚያ ከማያውቁት ሰው ጋር በቡድን ያከራክራሉ፣ በሰዓት ገድበው ያስጽፋሉ፣ በመጨረሻም ፊት ለፊት አስቀምጠው ይጠይቃሉ። ታምሲን ሁለቴ ተጠርታ ሁለቴም ወድቃለች።

ሁለተኛው ጊዜ ላይ ደውላ ምን እንዳጠፋች ጠየቀች። ስልኩን ያነሳችው ሴትዮ ደግ ነበረች።

"ያጠፋሽው ነገር እንኳ የለም" አለቻት። "መልስሽ ሁሉ ልክ ነው። ግን የራሳችንን ማስታወቂያ መልሰሽ ያነበብሽልን ነው የመሰለን። ስትወጪ ማን እንደነበርሽ የሚያስታውስ ሰው ጠፋ።"

ታምሲን ከፋት። ሆኖም መከፋቱ ሲበርድ ሌላ ነገር ይከነክናት ጀመር። ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች እሷ ስትናገር የሚያዩት ማንን ነው?

በሊድስ ከተማ ካለ አንድ የጥብቅና ድርጅት ሦስተኛው ጥሪ ሲደርሳት ታዲያ ብቻዋን መስተዋት ፊት ማነብነቡን ተወችው። ቅዳሜ ጧት ወደ አክስቷ ወደ ሞሪን ፀጉር ቤት ሄደች። የአባቷ እህት ሞሪን ነገሩን ስትሰማ ማበጠሪያዋን ሳታስቀምጥ ወደ ደንበኞቿ ዞረች።

"ዛሬ ፈታኞች ናችሁ" አለቻቸው። "እንዳትራሩላት።"

ወይዘሮ ሰትክሊፍ ራሳቸው ሙሉ በቢጎዲን እንደተጠቀለለ ቀና ብለው ተቀመጡ። ወይዘሮ ኢኒድ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ሆነው አንገታቸውን ወደ ውጭ አሰገጉ።

"ስምሽ ማነው?" አሉ ወይዘሮ ሰትክሊፍ ኮስተር ብለው።

"ወይዘሮ ሰትክሊፍ፣ ክርስትናዬ ላይ እኮ ኬኩን የጋገሩት እርስዎ ነዎት።"

"ዛሬ አላውቅሽም። ዛሬ አለቃ ነኝ። ለምንድነው ጠበቃ መሆን የፈለግሽው?"

ታምሲን ጉሮሮዋን ጠርጋ እንደ ዳዊት አንበለበለችው፤ ሕግ ለንግዱ ዓለም ስላለው ፋይዳ፣ ድርጅቱ በዘርፉ ስላለው ግንባር ቀደም ስፍራ፣ ስለ ራሷ ትጋትና የቡድን መንፈስ።

"ሞሪን" አሉ ወይዘሮ ኢኒድ፣ "እስቲ ይኼን ካስክ ጨምሪው፤ የሱ ጩኸት ይሻለኛል።"

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ታምሲንም ሳቀች፤ ጆሮዋ ግን ቀልቶ ነበር። ወይዘሮ ሰትክሊፍ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"የኔ ልጅ፣ ይኼን ተይውና መጀመሪያ ጠበቃ ያየሽው መቼ ነው?"

ይህን ጠይቋት የሚያውቅ የለም።

"ልጅ ሆኜ። እናቴ ከጎረቤታችን ከአቶ ሄግ ጋር፣ ሳይከረከም ያደገው የቁጥቋጦ አጥር የማን ነው በሚል ተጣልታ ጠበቃ አስጠራች። ጫማው ጭቃ ነበር። ትልቅ ወረቀት አምጥቶ ኩሽና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና እንዳይጠቀለል ስኳር ዕቃውን ጫነበት። ወረቀቱ ላይ ቀጭን ቀይ መስመር አለ። 'መሬታችሁ እዚህ ድረስ ነው' አለ። ሮጬ ወጥቼ አየሁ፤ መሬቱ ላይ ምንም መስመር የለም። እና ከሣሩ ሥር ይሆናል ብዬ ስቆፍር ዋልኩ።"

"እናትሽ ምን አለች?"

"ቀሚሴን አይታ ጮኸችብኛ። እኔ ግን እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ወረቀት ላይ ያለ ቀለም እንዴት አድርጎ ነው ሁለት ሰው የሚያጣላና የሚያስታርቅ?"

ወይዘሮ ኢኒድ ከካስኩ ሥር ወጡ።

"እሱን ንገሪያቸው።"

"እሱማ የልጅ ነገር ነው፣ ወይዘሮ ኢኒድ።"

"ይሁና። እኔ ሳልተኛ የሰማሁሽ እሱን ብቻ ነው።"

ከዚያ በኋላ ዝግጅቷ መልኩን ለወጠ። ስለ ድርጅቱ የተጻፈውን መሸምደድ ትታ እዚያው የምትሠለጥን አንዲት ወጣት ፈልጋ ደወለችላትና "ትናንት ምን ስትሠሪ ዋልሽ?" ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ ስትናገር ሁለት ገበሬዎች በአንድ የማሳ በር ሲካሰሱ እንደከረሙ፣ የበሩ ቁልፍ ደግሞ ለካ ሁለቱም ጋ እንደነበረ አጫወተቻት። ታምሲን በሥራ መሐል፣ በአውቶቡስ ውስጥ፣ ስለዚያ በር አሰበች። ቁልፍ ካላቸው ምን አጣላቸው? ፈተናውን መፍራቷን ዘንግታ ለሥራው መጓጓት ጀመረች።

ቀኑ ደርሶ በባቡር ወደ ሊድስ ሄደች። ጧት ስድስት አመልካቾች ሆነው የአንድ ቢራ ፋብሪካ ሽያጭ ላይ እንዲደራደሩ ተደረገ። ጆሊየን የሚባል ረጅም ልጅ ነጩን ሰሌዳ ቀድሞ ያዘና ሁሉንም ያዝዝ ጀመር። ታምሲን ብዙ አልተናገረችም፤ ግን ሻጩ ሽያጩ ከመከር በፊት እንዲያልቅ ለምን እንደሚጣደፍ ደጋግማ ጠየቀች። ሌሎቹ መጀመሪያ ተሰላቹ፤ በኋላ ወረቀታቸውን ሲያገላብጡ የገብስ አቅራቢው ውል በመከር እንደሚያበቃ አገኙት። ጆሊየን ሰሌዳውን አጥፍቶ እንደገና ጻፈ።

ከሰዓት በኋላ ግን ጉጉቷ ጉድ ሠራት። ለአንድ ደንበኛ የምክር ደብዳቤ ጻፉ ሲባሉ፣ እሷ በሰነዶቹ መሐል አንድ እንግዳ አንቀጽ አገኘችና እሱን ስትከታተል ሰዓቱ አለቀ። ደብዳቤዋ ያለ መደምደሚያ ተሰበሰበ። ቃለ መጠይቁ ወደሚደረግበት ክፍል የገባችው ያን ደብዳቤ እያሰበች ነበር።

የጠየቋት ከድርጅቱ ባለቤቶች አንዷ፣ ወይዘሮ ላምበርት የሚባሉ ሽበታም ሴት ናቸው። ለምን ጠበቃ መሆን እንደፈለገች ሲጠይቋት ታምሲን ስለ ጭቃው ጫማ፣ ስለ ቀዩ መስመርና ስለ ቆፈረችው ሣር ነገረቻቸው። ሴትየዋ ብዕራቸውን አስቀምጠው አዳመጡ። ሲያልቅ፦

"እሺ፣ በአጥሩ ክርክር ማን ረታ?" አሉ።

"አላውቅም።"

"አልጠየቅሽም?"

"አልጠየቅኩም። ሁሉን ነገር እጠይቃለሁ፤ ይኼን ግን... እናቴ ከሞተች ቆየች፤ አባቴን ደግሞ ጠይቄው አላውቅም። ለምን እንዳልጠየቅኩት እኔንም ገርሞኛል።"

ወይዘሮ ላምበርት ትንሽ ፈገግ ብለው ወደ ሌላ ጥያቄ አለፉ።

ማታ ቤት ስትገባ አባቷ ጎርደን ከዳቦ ጋር የሚበሉት ባቄላ እያሞቀ ነበር። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ቃል የሚወጣው በጭንቅ ነው። ኮቷን ሳታወልቅ ጠየቀችው።

"አባዬ፣ ያ የአጥሩ ነገር እንዴት አለቀ?"

"የቱ አጥር?"

"የአቶ ሄግ።"

ጎርደን እሳቱን ቀነሰ። "ተረታን" አለ። "እንዲያውም ሳንጀምረው። ጠበቃው መስመሩን ለክቶ ሲያየው አጥሩ የቆመው በሄግ መሬት ላይ ነው። 'ብትከሺ ትሸነፊያለሽ፤ እኔን ከመቅጠር ይልቅ ሂጂና ሰውየውን አነጋግሪው' አላት። እናትሽ በጣም ተናደደች፤ 'የኔ ጠበቃ ነው ወይስ የሱ?' እያለች ስትዞር ሰነበተች።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ አንድ እሑድ የፖም ፓይ ጋግራ ሄግ ቤት ሄደች። ስትመለስ የሄግ ሚስት መታመሟን፣ ሰውየው አጥሩን የሚከረክምበት ጊዜ ማጣቱን ሰምታ መጣች። ከዚያ ወዲያ አጥሩን የምከረክመው እኔ ሆንኩ። በሁለቱም በኩል።"

ታምሲን ይህን አታውቅም ነበር። አባቷ በየክረምቱ መጨረሻ መሰላል ይዞ ወደ ጎረቤት ሲሻገር አይታዋለች፤ አጥሩ የራሳቸው ስለሆነ ይመስላት ነበር።

"ለምን አልነገራችሁኝም?"

"አልጠየቅሽማ" አለ ጎርደን። "ስለ ዶሮ ጠይቀሻል፣ ስለ ጨረቃ ጠይቀሻል፣ የአክስትሽ የሞሪን ባል የት እንደሄደ ስንት ጊዜ ጠይቀሻል። ይኼን አልጠየቅሽም። እኛም ስለተረታንበት ነገር ማውራት አልፈለግን ይሆናል።"

ባቄላውን አቀረበላትና አብረው በሉ። ታምሲን የዚያን ጭቃማ ጫማ ጠበቃ ነገር አሰላሰለች። እስከዚያ ቀን ድረስ የገረማት መስመሩ ነበር። አሁን ደግሞ ሰውየው ራሱ ገረማት፤ ሥራውን ሊያጣ እንደሚችል እያወቀ ደንበኛውን "ተይው" ያለበት ድፍረት ከየት መጣ? እናቷ ስትቆጣውስ ምን ተሰማው? የአባቷን ዝምታም አሰበች። ስለ እናቷ እንዲህ ረዘም አድርገው ካወሩ ቆይተው ነበር፤ ያን ማታ ግን ሳህኑ ከታጠበ በኋላም ጎርደን ከወንበሩ አልተነሳም።

በሳምንቱ ሥራ ላይ ሳለች ወይዘሮ ላምበርት ራሳቸው ደወሉላት።

"ደብዳቤሽን አልጨረስሽም" አሉ ከሰላምታ በኋላ። "ይኼን ሳልነግርሽ ማለፍ አልችልም። ደንበኛ መደምደሚያ ነው የሚፈልገው።"

"አውቃለሁ፣ ወይዘሮ ላምበርት።"

"ሰዓት አጠባበቅሽን እኛው እናስተምርሻለን። መጠየቅን ግን ማስተማር አንችልበትም። ቦታው ያንቺ ነው፤ በመስከረም ትጀምሪያለሽ።"

ታምሲን አመሰገነች። ወይዘሮ ላምበርት ስልኩን ለመዝጋት ሲሉ ቆም አሉ።

"እኔ የምልሽ፣ አባትሽን ጠየቅሽው?"

"ጠየቅኩት።"

"እና?"

ታምሲን ዙሪያዋን አየች። አለቃዋ ከወዲያ ማዶ ሰዓቱን እያሳየ ነው። ወንበሯን ወደ ግድግዳው አዞረችና ከመጀመሪያው ጀምራ ትተርክላቸው ጀመር።